ከነጥቧ በኋላ

ጥር ነው። ዊኒፔግ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
መስኮቱን በረዶ ከውስጥ ጽፎበታል፤
አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ያስላል፣
አንድ ማሽን ተራውን ጠብቆ ይመልስለታል።
እኔ ከነርሷ ጀርባ፣ ባለጎማ በርጩማ ላይ፣
ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣
የገዛ ሥራዬን በሌላ ሰው ጣት
ላየው መጥቻለሁ።

ሥራዬ ስክሪን ነው፦
ማን ከማን ይቅደም፣ ስም በየት ይቀመጥ፣
ቀዩ ስንት ይቅላ፣ ቁልፉ ስንት ይፍጠጥ፤
ይህን ስወስን ነው ቀኔ የሚመሽልኝ፣
የታመመ ሰው አላይ፣ ደም እንኳ አይሸተኝ።

ሉዝቪሚንዳ ትባላለች። ሃያ ስድስት ዓመት የሌሊት ነርስ።
ጫማዋ ነጭ፣ ተረከዙ ወደ ውጭ ያለቀ።
ጣቷ ግን፣
ጣቷ ከዐይኗ ይቀድማል፤
ሳጥኑ ብቅ ሳይል "አዎ"ን ይጫናል።

"እርግጠኛ ነዎት?" ይላል ሳጥኑ። አዎ።
"በእርግጥ እርግጠኛ ነዎት?" አዎ። አዎ።
እኔ ነኝ የጻፍኩት ያንን ጥያቄ፣
አምና፣ ፀሐይ በሞላው ቢሮ፣ እጅግ ተጠንቅቄ።
እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆጠርኩ፤
አርባ ሦስት ጊዜ ጠየቃት፣
አርባ ሦስት ጊዜ ሳታነበው ሸኘችው።

"ለምን አያነቡትም?" አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።
ዞር ሳትል፣
"ቅጠል ሲወድቅም ሌባ ሲመጣም እኩል የሚጮህ ውሻ
ቢኖርህ፣" አለችኝ፣ "ስንት ሌሊት ትነሣለህ?"
ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከሥሩ አሰመርኩበት።
ወዲያው ማስመሬ አሳፈረኝ።

ከስክሪኗ ጠርዝ፣ በቁስል ፕላስተር የተለጠፈ፣
አንድ ቁራጭ ወረቀት፣ በትልልቅ ፊደል፦
ነጥቧን ፈልጉ!!
ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

በአማርኛ ስጽፍ ዐረፍተ ነገሬን የምዘጋው
በአራት ነጥብ ነው፤ አንዱ ቢጠፋ ሦስቱ ይመሰክራሉ።
እዚህ ግን አምስትን ከሃምሳ የምትለየው
አንዲት ነጥብ ናት፣ ብቻዋን የምታድር ዘበኛ፤
እሷንም እኔው፣ ለውበት ብዬ፣
ግራጫ አለበስኳት፣
በግራጫ ሜዳ ላይ።

ዘጠኝ ከሩብ። ክፍል አሥራ ሁለት። አቶ ኦኬማው፣ ስኳር።
ኢንሱሊን፦ 5.0
ብሮዲ ፔነር፣ ሥራ ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ፣ ዐይኑ ቀልቷል፣
ገጹን አየ፤ ሃምሳ ብሎ አነበበ፤
ሃምሳ ብሎ ቀዳ።
ሳጥኑ መጣ። እርግጠኛ ነዎት?
አዎ።

ያቆመው የእኔ ቀይ አልነበረም።
ያቆመው የሷ እጅ ነው፣ ክንዱ ላይ ያረፈው።
"ስንት ነው እሱ?"
"ሃምሳ።"
"ለዚህ ሰው?"
ሌላ ቃል አልተባለም። መድኃኒቱ ተደፋ።
ሽማግሌው አልነቃም፤ አሳለ፤ ማሽኑ መለሰለት።
ብሮዲ የእጅ መታጠቢያው ጋ ሄዶ ውሃውን ከፈተና
ሳይታጠብ ቆመ።
የሆነ ነገር ሲንሿጠጥ ይሰማኛል፤
የበርጩማዬ ጎማ ነው፣
እግሬ ነው ለካ የሚንቀጠቀጠው።

በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ አለቃዬ ሄዘር ጠየቀች፣
"አንተስ፣ ምን ሠራህ በዚህ ወር?"
"አንዲት ዜሮ አጠፋሁ" አልኩ።
ሳቁ።
ከነጥቧ በኋላ የነበረችውን፣ ምንም የማትለውን፣
ምንም ሳትል ቆማ ሰው የምትገድለውን።
ነጥቧን አጠቆርኳት። ሳጥኖቹንም ዝም አሰኘሁ፤
ሁለት ብቻ ቀሩ።
እነሱ ከጮኹ ሌባ አለ።

ሚያዝያ ላይ ተመልሼ ሄድኩ። የወንዙ በረዶ መሰንጠቅ ጀምሯል።
ሉዝቪሚንዳ አላወቀችኝም፣ ወይም ሥራ በዝቶባት ነበር።
ስለ አዲሱ ገጽ ምንም አላለች፤
አላመሰገነች፣ አልተሳደበች፣
አዲስ መሆኑንም ያየች አትመስል።
በእኛ ሙያ ከዚህ በላይ ሙገሳ የለም።

ወረቀቱ ግን ከጠርዙ ተነሥቷል።
የፕላስተሩ ሙጫ ቀርቷል፣
ጣት የምታህል አራት ማዕዘን፣
አቧራ እየያዘች።